አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ፤ ሕይወቱና ለሶፍትዌር ሙያ የሚተርፈው ትምህርት

የሶፍትዌር ሙያ ገና ወጣት ነው። ከሌሎቹ የምሕንድስና ዘርፎች ጋር ሲነጻጸር ዕድሜው ከአንድ ሰው ዕድሜ እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም ባለሙያዎቹ በዚህ አጭር ዘመን ከደረሰባቸው ኪሣራ የተማሩትን በአጫጭር ደንቦችና አባባሎች መልክ አጠራቅመው ለተከታዮቻቸው አስተላልፈዋል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የአመንጪዎቻቸውን ስም ይዘው ሕግ እስከ መባል ደርሰዋል። ደንቦቹ በጥሞና ሲመረመሩ ግን የሚናገሩት ስለ ኮምፒዩተር ሳይሆን ስለ ሰው ነው፤ ይኸውም ሰዎች በኅብረት አንድን ሥርዓት ሲሠሩ፣ ሲለምዱና ሲለውጡ ስለሚሆነው ነገር ነው። ስለዚህም ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ ከ300 ዓመት በላይ አስቀድሞ በጣና ሐይቅ ዳርቻ የኖረ፣ ግንበኛም፣ አስተማሪም፣ ጸሐፊም የነበረ የአንድ ሰው ሕይወት ለእነዚህ ደንቦች ምስክር ለመሆን በቅቷል። ይህ ሰው አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓኤዝ በ1564 በእስፓኝ አገር፣ ኦልሜዳ በምትባል መንደር ተወለደ። በ1582 የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሆነ፤ ከ6 ዓመትም በኋላ በሕንድ ጠረፍ ወደምትገኘው ወደ ጎዋ ተላከ። በ1589 ከአባ አንቶንዮ ደ ሞንሴራቴ ጋር ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄድ ታዘዘ። ዳሩ ግን በደቡብ ዓረብ ጠረፍ ሲጓዙ ስለ ተያዙ በ1590 ሁለቱም በምርኮ ወደ የመን ምድር ተወሰዱ። ፓኤዝ እስከ 1596 ድረስ በሐድራሞትና በሰንዓ በእስር፣ በሞካም አጠገብ በመርከብ ቀዛፊነት ተንገላታ። ያን ሁሉ ዓመት ግን በከንቱ አላሳለፈውም፤ የዓረብን ቋንቋ ተማረ፣ የሕዝቡንም ልማድ አጠና። ዋጁ ተከፍሎለት ወደ ጎዋ ከተመለሰ በኋላ ሁለተኛውን ጉዞ ሲጀምር የመከራው ዘመን ያስተማረው ሁሉ ስንቅ ሆነው። በ1603 የአርመን ነጋዴ መስሎ፣ በቱርኮች እጅ በነበረችው በምጽዋ በኩል አልፎ፣ በትግራይ ከአድዋ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ፍሬሞና ገባ።

በፍሬሞና የሚኖሩት ካቶሊኮች በአመዛኙ በ1541 ከክርስቶፎሮ ደ ጋማ ጋር የመጡት የፖርቱጋል ወታደሮች ዘሮች ነበሩ። ከፓኤዝ በፊት በ1557 የመጣው ጳጳስ አንድሬ ደ ኦቪዬዶ ከነገሥታቱ ጋር በግልጽ ተከራክሮ፣ ከቤተ መንግሥትም ርቆ፣ ዘመኑን በዚያው ስፍራ በድኅነት ፈጽሟል። ፓኤዝ ግን በክርክር አልጀመረም። በመጀመሪያ አማርኛንና ግዕዝን ተማረ፤ ቀጥሎም ሕፃናትን ሰብስቦ ትምህርተ ሃይማኖቱን በአገሩ ቋንቋ በጥያቄና በመልስ አስጠናቸው። ዝናው ወደ ቤተ መንግሥት የደረሰውም በእነዚህ ሕፃናት አማካይነት ነበር። በሶፍትዌር ሙያ ዘንድ ሠሪው በቅድሚያ የተጠቃሚውን ቋንቋ ይማር የሚል የቆየ ምክር አለ። አንድ ሥርዓት የሚሠራለት ሰው ነገሩን በምን ስም እንደሚጠራው ሳያውቁ የሚሠሩት ሥራ የተጠየቀውን ሳይሆን የተገመተውን ይሆናል። ፓኤዝ ይህን ምክር በተግባር የፈጸመው ሌላ መንገድ ስላልነበረው ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ከመጡት ሰዎች ውጤት ስለ ተማረም ጭምር ነው።

በ1604 አፄ ዘድንግል ወደ ደምብያ አስጠሩት። ንጉሡ የፓኤዝንና የሕፃናቱን ትምህርት ሰምተው ልባቸው ተማረከ፤ ወዲያውም ቅዳሜን እንደ ሰንበት ማክበር እንዲቀር በአዋጅ አስነገሩ። ፓኤዝ ነገሩ በዝግታ እንዲሄድ መክሮ ነበር፤ ምክሩ ግን አልተሰማም። መኳንንቱ ከራስ ዘሥላሴ ጋር ሆነው ሸፈቱ፤ አቡነ ጴጥሮስም ሕዝቡን ለንጉሡ ከገባው የታማኝነት መሐላ ፈቱት። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አፄ ዘድንግል በጦር ሜዳ ሞቱ፤ አስከሬናቸውም በጣና ላይ በምትገኘው በደጋ እስጢፋኖስ ደሴት አረፈ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በአንድ አዋጅ የተሞከረው ለውጥ አዋጅ ነጋሪውን አጠፋ። ፓኤዝ አገሩን በረገጠ በዓመቱ ያየው ይህ ነገር የቀረውን ዘመኑን አካሄድ የወሰነ ይመስላል።

በ1607 አፄ ሱስንዮስ ተቀናቃኛቸውን አፄ ያዕቆብን ድል ነሥተው ዙፋኑን ሲይዙ ለፓኤዝ የተመቸ ዘመን መጣ። ንጉሡ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደምብያ አውራጃ በጎርጎራ መሬት ሰጡት። ጎርጎራ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሐይቁን ከደቡብ ወደ ሰሜን ለሚያቋርጥ ሰው የመጨረሻዋ ወደብ ናት። በዚያን ዘመን በሐይቁ ላይ የሚመላለሰው ከደንገል የተሠራው ታንኳ ብቻ ነበር። ፓኤዝ በ1614 ገደማ በዚሁ ስፍራ ለንጉሡ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ለመሥራት ተነሣ።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል ለባለሙያ ትኩረት የሚገባው ነው። ፓኤዝ ከሁሉ አስቀድሞ መዶሻውን፣ መሮውን፣ ማዕዘን መለኪያውንና ሌላውን መሣሪያ ሁሉ በራሱ መሪነት አሠራ። ቀጥሎ ድንጋይ ጠራቢውን እንዴት እንደሚጠርብ፣ ግንበኛውን እንዴት እንደሚያገጣጥም፣ እንጨት ሠሪውን እንዴት እንደሚያጋጥም አብሮ እየሠራ አስተማረ። ራሱ መሐንዲስ፣ አንጥረኛ፣ አናጢና ግንበኛ ሆነ። በጣና ዙሪያ የኖራ አሠራር የታወቀው በሕይወቱ መጨረሻ ገደማ ስለ ሆነ በእጁ በነበረው ቁሳቁስ ተወስኖ ሠራ። ቤቱ ሲያልቅ አገሬው በጣም ተደነቀ፤ ቤት ላይ ቤት ብሎም ጠራው። በሰገነቱ ላይ ሆነው ሐይቁን በሩቅ ለማየት ይቻል ነበር።

ጆን ጎል የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሥራ ላይ ያለ ማናቸውም ውስብስብ ሥርዓት ቀድሞ ይሠራ ከነበረ ቀላል ሥርዓት ያደገ መሆኑን፣ ከመነሻው ውስብስብ ተደርጎ የተነደፈ ሥርዓት ግን እንደማይሠራና ተጠጋግኖም እንደማይድን አመልክቷል። የሶፍትዌር ሰዎች ይህን አሳብ ወርሰው የጎል ሕግ ይሉታል። በአገራችንም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ምሳሌ ከዚሁ የሚርቅ አይደለም። ከመዶሻው ወደ ጠራቢው፣ ከጠራቢው ወደ ግድግዳው፣ ከምድር ቤቱ ወደ ፎቁ የሄደው የጎርጎራ ሥራ የዚህ ሕግ ምሳሌ ነው። ፍሬድሪክ ብሩክስ ደግሞ በ1960ዎቹ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያን የኦኤስ/360 ሥራ መርቶ ካየው ተነሥቶ በ1975፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጥ እንደሚያዘገየው ጽፏል። አዲሱን ሰው ማስተማርና ከነባሩ ጋር ማግባባት ራሱ ጊዜ ይበላልና። የንጉሥ ሥራ ጉልበት አይቸገርም፤ የሚቸግረው የሠለጠነ እጅ ነው። ፓኤዝም ብዙ ሰው ከመሰብሰብ አስቀድሞ ማሠልጠንን መረጠ።

ከግንባታው ጎን ለጎን የፓኤዝ ትልቅ ሥራ ጽሕፈቱ ነው። በ1610 እና በ1611 ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ የቫሌንሲያ መነኵሴ ኢትዮጵያን ሳያይ፣ ከአንድ መንገደኛ በሰማው ወሬ ተመርኩዞ ስለ አገሪቱ ሰፋፊ መጻሕፍት አሳትሞ ነበር። ፓኤዝ መልስ እንዲጽፍ ታዘዘ። እርሱ ግን መልሱን ከሌላ ወሬ አልቀዳውም። ዜና መዋዕሎችንና የነገሥታቱን የስም ዝርዝር መረመረ፤ መኳንንቱንና ሊቃውንቱን ጠየቀ፤ ያላየውን ካየው ለይቶ አሰፈረ። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ የሚለውን የአገሩን ተረት በሥራ ያከበረ ሰው ነው። ከአፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር ወደ ጎጃም ሄዶ በሚያዝያ 21 ቀን 1618 በሰከላ ምድር የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ከአውሮፓውያን ወገን ስፍራውን በዓይኑ አይቶ የጻፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ መሆኑ በሰፊው ታምኖበታል። የምንጩን አኳያና የዙሪያውን መሬት መዝግቦ፣ ውሃው ወደ ጣና ገብቶ እንደገና ከሐይቁ እንደሚወጣ አስረድቷል።

የኢትዮጵያ ታሪክ ብሎ የሰየመው ይህ መጽሐፍ በሕይወቱ መጨረሻ ቢጠናቀቅም በዘመኑ አልታተመም። ሌሎች የማኅበሩ ጸሐፊዎች ግን እየቀነጨቡ ተጠቀሙበት። ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ ደርሶ ቀዳሚው እኔ ነኝ ለማለትና የፓኤዝን መምጣት ለመካድ የቻለው ሙሉው መጽሐፍ በአንባቢ እጅ ስላልነበረ ጭምር ነው። መጽሐፉ በሮማ በካሚሎ ቤካሪ አዘጋጅነት የወጣው በ1905 እና በ1906 ነው። በመሳቢያ የተቆለፈ ሰነድ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል የሚለው የሙያው ማስጠንቀቂያ ለፓኤዝ ከ280 ዓመት በላይ ሠርቶበታል።

እስከዚህ ድረስ የተተረከው የፓኤዝን ብልኅነት ያሳያል። ዳሩ ግን የሕይወቱ ታሪክ በዚህ ብቻ ከተቋጨ ለባለሙያ የሚጠቅመው ዋናው ክፍል ይጎድላል። ሜልቪን ኮንዌይ በ1968 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ድርጅት የሚነድፈው ሥርዓት የድርጅቱን የመነጋገሪያ መሥመር መልክ ይዞ እንደሚወጣ አስረድቶ ነበር። ሁለት ክፍሎች ካልተነጋገሩ የሚሠሯቸው ሁለት ነገሮችም አይገናኙም። የፓኤዝ መነጋገሪያ መሥመር ከንጉሡ፣ ከንጉሡ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስና ከጥቂት መኳንንት ጋር ነበር። ሥራውም በዚያው ልክ በቤተ መንግሥት ጠነከረ። በሐይቁ ላይ ግን ሌላ መሥመር ነበረ። የደጋ፣ የጣና ቂርቆስ፣ የክብራንና የዘጌ ገዳማት ከገጠሩ ካህን፣ ካህኑም ከንስሐ ልጆቹ ጋር በየዕለቱ የሚነጋገሩበት መሥመር ነው። ፓኤዝ ከጎርጎራ ሰገነት ሆኖ ደሴቶቹን ያያቸው ነበር፤ የሕዝቡ ልብ የታሰረበት ቋጠሮ በእነርሱ ዘንድ መሆኑን ግን በበቂ አልመዘነውም።

ምልክቱም ገና በሕይወቱ ሳለ ታየ። በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስና አቡነ ስምዖን ሃይማኖታችን ተነካ ብለው ተነሡ፤ ሁለቱም በጦርነቱ ሞቱ። በኋላም አፄ ሱስንዮስ ስለ ሰንበት ባወጡት ትእዛዝ ምክንያት ሌላ ዐመፅ ተከተለ። በሥርዓት ግንባታ ቋንቋ ቢነገር፣ ተጠቃሚው ሥርዓቱን እንደማይቀበለው በግልጽ አሳውቋል ማለት ነው። ዳሩ ግን ማስታወቂያው እንደ ዐመፅ ብቻ ስለ ተቆጠረ በጉልበት ጸጥ ተደረገ። በ1622 አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበላቸውን ይፋ አደረጉ። ፓኤዝም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ከንጉሡ ዘንድ ሲመለስ በንዳድ ታምሞ በጎርጎራ ሞተ።

ተተኪው አልፎንሶ ሜንዴዝ በፓትርያርክነት ተሹሞ በ1625 አገሩ ገባ። በየካቲት 1626 በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ቃል ኪዳን ገቡ። ከዚያ በኋላ ፓኤዝ በዝግታ ይዞት የነበረው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፈጸመ። ካህናት እንደገና እንዲካኑ፣ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና እንዲባረኩ፣ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀሩ፣ ቅዳሴውና የጾሙ ሥርዓት እንደ ሮማ እንዲሆኑ ታዘዘ። በሶፍትዌር ሙያ አሮጌው ሥርዓት በአንድ ሌሊት ተነቅሎ አዲሱ በምትኩ ሲተከል ያለው አደጋ በብዙ ምሳሌ የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቼስተርተን በ1929 በሰጠው ምሳሌ፣ በመንገድ ላይ አጥር ያገኘ ሰው ለምን እንደ ታጠረ ሳያውቅ እንዳያፈርሰው አስጠንቅቋል፤ የሙያው ሰዎችም ይህን ምክር የራሳቸው አድርገውታል። ሃይረም ራይት የተባለ የጉግል ኩባንያ መሐንዲስ ስም የተሰጠው ሌላው ሕግ ደግሞ፣ የአንድ ሥርዓት ተጠቃሚዎች ሲበዙ ሠሪው ከቁም ነገር ያልቆጠረው ጠባይ እንኳ ለአንዱ ወይም ለሌላው ምሰሶ እንደሚሆን ይናገራል።

ሜንዴዝ እንደ ስሕተት የቆጠራቸው ልማዶች ለአገሩ ሰው እንዲህ ያሉ ምሰሶዎች ነበሩ። ጾሙ የማዕዱን፣ ሰንበቱ የእርሻውን፣ በዓሉ የዝምድናውን፣ ጥምቀቱ የስሙን ነገር ይዞ ነበር። ካህኑ እንደገና ይካን ማለት ያጠመቃቸው ሕፃናት፣ ያቈረባቸው ሙሽሮችና የፈታቸው ሙታን ሁሉ በከንቱ ነበሩ ማለት ሆኖ ተሰማ። ስለዚህም በላስታና በሌሎችም ክፍሎች ሕዝቡ ተነሣ። ከጊዜ በኋላ ጥቂት ማላላት ቢደረግም ዘግይቶ ነበር። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት 8 ሺህ ያህል ሰው አለቀ፤ የወደቁትም የንጉሡ የራሳቸው ሕዝብ ነበሩ። አፄ ሱስንዮስ ይህን አይተው በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለአፄ ፋሲለደስ ለቀቁ፤ በመስከረምም ዐረፉ። ኢየሱሳውያኑም ጥቂት ቆይተው ከአገር ወጡ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ፓኤዝን ስለ ብልኅነቱ አመስግነው ጥፋቱን በሜንዴዝ ላይ ይጥላሉ። ይህ ፍርድ እውነትነት ቢኖረውም ሙሉ አይደለም። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የፍጥነት እንጂ የመድረሻ አልነበረም። ፓኤዝ በዝግታ ሊያደርስ የፈለገው ሜንዴዝ በጥድፊያ ሊያደርስ ወደ ሞከረበት ስፍራ ነበር። ሁለቱም የሥርዓቱ ባለቤት አዛዡ ነው ብለው አሰቡ፤ ንጉሡ ከተቀበለ ሕዝቡ ይከተላል የሚል እምነት ነበራቸው። ጎርጎራን ሲሠራ ግን ፓኤዝ እንዲህ አላደረገም። እዚያ የሠራተኛውን እጅ አይቶ፣ የድንጋዩን ጠባይ መርምሮ፣ ባለው ነገር ጀመረ፤ ከዚህም የተነሣ ሥራው ሠመረ። በሰው እምነት ላይ ሲደርስ ግን የፈለጉትን ሳይሆን የሚያስፈልጋቸውን እኔ ዐውቃለሁ አለ። ዝግታ የሰዎቹን ፈቃድ አይተካም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰውም ያልተጠየቀውን ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ከሰው ሥራ የቀረው ምን እንደ ሆነ ማየትም ያስተምራል። በጎርጎራ ማርያም ግምብ ተብሎ የሚታወቀው ፍርስራሽ በፓኤዝ ስም ቢጠራም አብዛኛው ሥራ ከእርሱ ሞት በኋላ የተከናወነ ነው። በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚገኘው አሮጌ የድንጋይ ሕንፃም በልማድ ከእርሱ ጋር ይያያዛል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የአላታ ድልድይ እስከ ዛሬ ድረስ ሰውና ከብት ያሻግራል። ድልድዩ ከባዕድ አገር በመጣ ጥበብ ቢሠራም ማንም ለማፍረስ አልተነሣበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተሻጋሪው ይፈልገው ነበር። አፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ሲያባርሩ የኖራውንና የድንጋዩን ጥበብ አላባረሩም፤ በ1636 ጎንደርን ቆርቁረው ግንባቸውን ሠሩበት። ሕዝብ ሥርዓትን የሚቀበለው በጅምላ አይደለም፤ የሚጠቅመውን ይዞ የማይፈልገውን ይጥላል።

ፓኤዝ በኖረበት ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ በ1963 የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋቁሞ፣ በኋላም ወደ ዩኒቨርሲቲ አድጎ፣ ዛሬ የኮምፒዩተርና የሶፍትዌር ባለሙያዎችን ያወጣል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚሰማሩት ለዘመናት በወረቀት ሲሠራ የኖረውን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ነው። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ዶሴው ለምን በሁለት ቅጂ እንደሚቀመጥ፣ ማኅተሙ ለምን በዚያ ጥግ እንደሚመታ፣ ጸሐፊዋ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የምትጽፈው ምልክት ምን እንደ ሆነ ማንም በጽሑፍ አላሰፈረውም፤ እያንዳንዱ ግን ምክንያት አለው። ትእዛዙ የሚመጣው ከሥራ አስኪያጁ ነው፤ ሥርዓቱን በየዕለቱ የሚሸከመው ግን መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛና በፊቱ የተሰለፈው ባለጉዳይ ነው።

ስለዚህ ከአባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ሕይወት የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። የመጀመሪያው ግንበኛው ፓኤዝ ያስተማረው ነው፤ ይኸውም ቋንቋውን ተማር፣ መሣሪያህን አስቀድመህ አብጅ፣ ከትንሹ ጀምር፣ ያየኸውን ጽፈህ ለሌላው አድርስ የሚል ነው። ሁለተኛው ሰባኪው ፓኤዝ ሳያስበው የተወው ማስጠንቀቂያ ነው። አዛዡን ብቻ አስደስቶ የተሠራ ሥርዓት አዛዡ በደከመ ቀን አብሮ ይወድቃል፤ በመካከሉ የሚጎዳው ደግሞ በውሳኔው ያልተጠየቀው ሰው ነው። የሙያው ሕጎች ሁሉ ተጨምቀው ቢታዩ ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙ አይርቁም።